ግዝቱን ምን በላው?

«ጋሼ፣ ቃል ይግቡልኝ» አለችኝ የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥኑን ከመክፈቷ በፊት። «‹መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም› የሚል ነገር ዛሬ አልሰማም።»

ገባሁላት። ቃሌ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጸና።

ወሩ መስከረም 2014 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ዓርብ ስለሆነ በመካከላችን ያለው ቆሎ ብቻ ነው። የምናየው «ፋውንዴሽን» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ነው። ለእሷ ፊልም ነው፤ ለእኔ የዘመድ ሠርግ። ጠጉሬን ተስተካክዬ ነው የመጣሁት።

መጽሐፉን የያዝኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛኋት ቅጂ ሽፋን የላትም፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ገጾችም ምናልባት በርበሬ ተጠቅልሎባቸው ሄደዋል። ቢሆንም ወደድኳት። አይዛክ አሲሞቭ ታሪኩን በመጽሔት ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ በሦስት ቅጽ የታተመው ደግሞ ከ1951 እስከ 1953። አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ የጋላክሲ ግዛት ሊፈርስ ነው። ሃሪ ሴልደን የሚባል የሒሳብ ሊቅ መፍረሱን አስልቶ ደረሰበት። ማዳን አይቻልም፤ ግን የሚከተለውን 30 ሺህ ዓመት ጨለማ ወደ አንድ ሺህ ማሳጠር ይቻላል ባይ ነው።

ታዲያ ሰዎቹ ይህን ሁሉ ጉድ ተሸክመው ምን ያደርጋሉ? ተቀምጠው ያወራሉ። ሲጋራ እያጨሱ ያወራሉ። ተነሥተው ሌላ ክፍል ይገቡና እዚያም ያወራሉ። ሃምሳ ዓመት ያልፋል፤ ልጆቻቸው ተቀምጠው ያወራሉ። ጦርነት ቢኖር እንኳ ወሬው ነው የሚደርሰን። የሽማግሌ ጉባኤ በጠፈር ላይ ማለት ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው።

ፊልሙ ግን ገና በመጀመሪያው ክፍል ከሰማይ እስከ ምድር የተዘረጋ ድልድይ አፈንድቶ ከተማ ላይ ጣለው። የእህቴ ልጅ ቆሎዋን አፏ ውስጥ ረስታ ፈዛ ቀረች።

«መጽሐፉ ላይ እኮ...»

«ጋሼ!»

ዝም አልኩ። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሴልደንን ራሱ ያሳደገው ልጁ በጩቤ ወጋው። በመጽሐፉ ዕድሜ ጠግቦ የሚሞት ሰው ነበር! ይኼንንም ዋጥኩት።

ያልተዋጠልኝ የሳልቮር ሃርዲን ነገር ነው። በመጽሐፉ ሃርዲን ከንቲባ ነው፤ ጉልበትን የሚንቅ፣ ሁሉን በብልሃት የሚረታ ቀበሮ። ጎረቤት መንግሥት መርከቦቹን ሲያዘምትበት አንዲት ጥይት አያስተኩስም። የአቶሚክ ኃይሉን የሚያንቀሳቅሱት ካህናት የእሱው ናቸውና፣ በጠላት ዋና መርከብ ላይ ያለው ካህን ተነሥቶ መርከቧን ይገዝታታል። መብራቱ ድርግም! ሠራዊቱ ተሸበረ፣ በአዛዡ ላይ ተነሣ፣ ዘመቻው አበቃ። ግዝት ምን እንደሆነ በሚያውቅ አገር ያደገ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ የሚሰማውን ሌላው የሚያገኘው አይመስለኝም። እኔ ባነበብኩት ሌሊት ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ።

በፊልሙ ሃርዲን ሴት ሆናለች። በዚህ ቅር አላለኝም፤ በመጀመሪያው ቅጽ ሴት ከነመኖሯም የምትረሳ ናትና አሲሞቭ ዕዳ ነበረበት። ቅር ያለኝ ጠመንጃ መታጠቋ ነው። ትሮጣለች፣ ትተኩሳለች፣ ትደበድባለች። አፉ መሣሪያው የነበረውን ሰው ክንድ ብቻ አደረጉት። ግዝቱን ምን በላው? ካህኑስ የት ገባ? የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሥሩንም ክፍል ዓርብ በዓርብ ስጠብቀው ከረምኩ፤ አልመጣም።

ደግሞ ለማን አቤት ይባላል? የአሲሞቭ ልጅ ሮቢን ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ናት። ልጅየዋ ሳታለቅስ እኔ ደረት ልመታ?

ይሁንና አንድ የምደብቀው ነገር አለ። የፊልሙ ፈጣሪዎች ዴቪድ ጎየርና ጆሽ ፍሪድማን ክሊዮን የሚባል ንጉሠ ነገሥት ገልብጠው ገልብጠው ዙፋኑ ላይ ሦስት አስቀምጠዋል፤ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ሽማግሌ፣ ሁሉም ያው አንድ ሰው። ሽማግሌው ሲሞት ሌላ ሕፃን ይወጣል። ተዋናዩ ሊ ፔስ ጎልማሳውን ሆኖ ብቅ ባለ ቁጥር ወገቤን አቀና ነበር። አሲሞቭ ከዚህ አንዲት መስመር አልጻፈም። ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት ደግሞ እሱኑ ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ከመናገር ቆሎውን ከነድንጋዩ ብውጥ ይሻለኛል።

የመጨረሻው ክፍል ባለቀበት ዓርብ ግን አልቻልኩም፤ ፈነዳሁ። «ሰው መጽሐፉ ላይ የሌለ ጦርነት ካልጨመረ መተረክ አይችልም? ሰዎቹ ተቀምጠው ቢያወሩ ምን ነበረበት?»

ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማታ ማታ ይተርኩልኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«መጨረሻው ላይ ነጋዴው ሆበር ማሎው በመቶ መርከብ ተዋግቶ፣ የጠላትን ከተማ አቃጥሎ፣ እጁ ቆስሎ ሲመለስ አልቅሼ ነበር።»

ቆሎዬን ማኘክ አቆምኩ።

«ኋላ ሙሉውን መጽሐፍ ገዝቼ አነበብኩት። እነዚያ የጎደሉት ገጾች ላይ ውጊያ የሚባል የለም። ማሎው ተቀምጦ ያወራል። እንዴት እንደተናደድኩ!»

የቀረውን ቆሎ ወደ እሷ ገፋሁላት።