ሠላሳ አንገት

ቡራዩ የሚያስተምር ወዳጄ፣ ላፕቶፕ ላይ ያቀረቀረ ተማሪ ሁሉ ማስታወሻ ይይዛል ብሎ ለማመን ይታገላል። ኤክሴል እየደመረ ፈገግ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመውም፤ ፈገግታው የአርሰናል ጎል ነው። ዞሮ ከኋላ ሲመጣ ጎሉ እልም፣ ሠንጠረዡ ብቅ።

«እየሠራሁ ነው መምህር!»

በፕላዝማ ዘመን የማይሰማን ስክሪን ውስጥ ያለው አስተማሪ ነበር። አሁን ተራው የተማሪው ነው።

ላፕቶፑን ቆልፈህ ስጣቸው እንዳልለው፣ በሰበታ ወሊሶን አልፎ ወንጪ፣ በ2004 ዓ.ም. ግድም ታብሌት የታደላቸው ሕፃናት ያለ አስተማሪ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተውታል።

ትናንት መብራት ጠፋ። የተማሪዎቹ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነውና ሠላሳ አንገት ባንዴ ቀና አለ። ወዳጄ በደስታ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለካ ትምህርቱ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ኖሯል።