ይሰማል? ይታያል?

«ይሰማል?» «ይታያል?» ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የምሰማው ይህንኑ ነው። ከሠላሳችን ግማሹ «ይሰማል» ብሎ ይጽፋል፣ ግማሹ «ይቆራረጣል» ይላል፣ አንዱ ማይኩን ሳያጠፋ የቤቱን ጫጫታ ሁሉ ያሰማናል። ይህ ተጣርቶ ወደ ቁም ነገሩ ስንገባ ሩብ ሰዓት ሄዷል። የምንጠቀምበት ነፃ መተግበሪያ ደግሞ 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። አዲስ ሊንክ በቴሌግራም ይላካል፤ እንደገና «ይሰማል?»

የምማረው የኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ነው። የአይፒ አድራሻ አከፋፈሉ፣ የራውተር ትዕዛዙ በስክሪን ቢሆን ቅር አይለኝም፤ ቀረጻውን መልሶ ማየት ይቻላል፣ ታክሲ ጥበቃ የሚያልቀው ጊዜም ይተርፋል። ከጅማና ከደሴ የሚከታተሉ ጓደኞች አሉን፤ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው መማር ለማይችሉት ያለው በር ይኸው ነው፣ ይዘጋባቸው አልልም። ያንገበገበኝ የእጅ ሥራውም አብሮ ስክሪን ውስጥ መግባቱ ነው።

የአንዷን ኬብል ነገር ልንገራችሁ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተገምደዋል፤ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ እያንዳንዱ ከነጭ መሳዩ ጋር። ጫፉን ክሪምፕ ስናደርግ የብርቱካኑ ጥንድ 1ኛና 2ኛ ላይ ይገባል። አረንጓዴው ግን ይራራቃል፤ አንዱ 3ኛ፣ ሌላው 6ኛ ላይ ይውላል፣ ሰማያዊው ጥንድ መካከላቸው ይገባል። ለጀማሪ እጅ የሚቀናው ጥንዱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። እኔም በሁለቱም ጫፍ እንደዚያው አደረግሁ። ቴስተር ላይ ስሰካው መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራቸው በሩ። ስልኬን አስጠግቼ ለካሜራው አሳየሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ነጭ አረንጓዴውና ነጭ ሰማያዊው አይለዩም። «በጣም ጥሩ፣ ቀጣይ» አለ አሠልጣኙ። እሱን አልወቅሰውም፤ የታየው መብራቱ ብቻ ነው።

ያንኑ ኬብል መሥሪያ ቤት ወስጄ ዘረጋሁት። ኮምፒውተሩ ይገናኛል፣ ከበድ ያለ ፋይል ሲላክ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆማል። ሁለት ቀን ስዊቹን ስጠረጥር፣ ፖርት ስቀያይር ዋልኩ። በመጨረሻ ጋሼ የምንላቸው ነባር ቴክኒሺያን ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አንዴ አዩና «ልጄ፣ ጥንዱን አፍርሰኸዋል» አሉኝ። የእኛ ርካሽ ቴስተር የሚያውቀው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተገመደ አያውቅም፤ 3ኛና 6ኛ ላይ ግን መዋል የነበረባቸው አብረው የተገመዱት ናቸው። ግምዱ ደግሞ የተሠራው አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ ነው። እጄን ይዘው ሽቦዎቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሹ ማቃናትን፣ ግምዱን ከሚያስፈልገው በላይ አለመፍታትን አሳዩኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ለሦስት ወር ከፍዬ ያጣሁት እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ነው።

ክፍል ውስጥ ቢሆን ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ያይልኝ ነበር። ያልገባህን ጓደኛህን በክርንህ ነካ አድርገህ ትጠይቃለህ። በሠላሳ ሰው ፊት ማይክ ከፍቶ «አልገባኝም» ማለት ግን ይከብዳል፤ ስንቱ ጥያቄውን ውጦ እንደሚቀር በፈተና ሰሞን ግሩፑ ላይ በሚወርደው የድረሱልኝ መልእክት ይታያል።

መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም ይሄዳል። በስልክ ዳታ እገባለሁ፣ ፓኬጁ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። ክፍያው ግን በአካል ይሰጥ ከነበረበት ጊዜ አንድ ብር አልቀነሰም። ማሠልጠኛው አዳራሽ አይከራይ፣ ዕቃ አያቀርብ፤ ኬብሉን በሜትር፣ ክሪምፐሩን በየግላችን ከመርካቶ የገዛነው እኛው ነን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ ግድ ነበርና በስክሪን መማሩን ተቀበልነው። ግዱ ካለፈ ስንት ዓመቱ! በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለሩቆቹም ቢያንስ በኮርሱ መጨረሻ ሦስት ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቡን ብለን ሁለት ጊዜ ጽፈናል። «እናየዋለን» ተባልን።

የፊታችን ሰኞ ፋይበር መቀጠል እንማራለን። መስታወቱ ውፍረቱ 125 ማይክሮን ነው፣ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ። ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ከገባ ፈልጎ ማውጣት ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ቁራጩ የት እንደሚጣል፣ እጅ እንዴት እንደሚያዝ ከምንም በፊት መታወቅ አለበት። መቀጠያ ማሽኑን ከመካከላችን በእጁ የነካ የለም። ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ በየስልካችን እናየዋለን።