የሚገላበጠው በግ ነው

የእኛ ሰው በግ ሲገዛ አይታችሁታል? በፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ቁሙና ተመልከቱት። መጀመሪያ ከሩቅ ያያል፤ አይቶም እንዳላየ ያልፋል። ዞሮ ይመጣል። ወገቡን ይጫናል፣ ላቱን ይጨብጣል፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። ያስኬደዋል፤ ያነክስ እንደሆነ ብሎ ከኋላው ይከተለዋል። ነጋዴው "ሙክት ነው" ሲለው "ይሄ? ይሄማ ጠቦት ነው" ብሎ ያሾፋል፤ ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ይይዛል፤ ሄዶ ሌላ ያገላብጣል። ይህ ሁሉ በሦስተኛው ቀን አጥንቱ ለሚጣል በግ ነው።

ይኸው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል፣ በጉን ግቢው ውስጥ ያስራል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይከፍታል። ከዚያም ባላየው አገር ከሚኖር፣ ስሙን እንኳ በትክክል ከማይጠራው ሰው፣ የስድሳ ዓመት ዕድሜ አለው የተባለ የእጅ ሰዓት በ420 ዶላር ይገዛል። የሰዓቱ ጀርባ አልተከፈተም። ውስጡን ያየው የለም። "ሰውዬው ጨዋ ይመስላል" ይላል።

እኔ ይህን ሰው ከልቤ አደንቃለሁ። ከሰው ልጅ መካከል እምነት ጠፋ እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ለእናቱ ልጅ 500 ብር ሲያበድር ምስክር የሚፈልግ ሰው፣ ለማያውቀው ሰዓት ሻጭ እንዲህ ልቡን ከፍቶ ሲሰጥ ማየት እንባ ያመጣል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ያመጡት አባቶች ሰዓት በስልክ ገዝተው አያውቁም፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም።

ከእነዚህ ምእመናን አንዱ የቅርብ ወዳጄ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሱ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም፤ በግ መግዛት የምሄደው ከእሱ ጋር ስለሆነ ያስፈልገኛል።

ወዳጄ ፊት "አሮጌ ሰዓት" ማለት አይቻልም። አሮጌ ማለት መርካቶ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ነው። ስልክ ላይ ሲሆን "ቪንቴጅ" ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሦስት መቶ ዶላር ይደርሳል።

የገዛውን ሰዓት ገና ከመግዛቱ በፊት አሳይቶኛል። ኦሜጋ ሲማስተር፣ አውቶማቲክ፣ የ1960ዎቹ። አምስት ፎቶ ነበረው፦ ፊት ለፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከነማሰሪያው፣ አንዱ ደግሞ ጽጌረዳ አበባ አጠገብ። በአምስቱም ላይ ሰዓቱ አራት ሰዓት ከአስር ነው። ፈረንጆች 10:10 የሚሉት። የሰዓት ማስታወቂያ ሁሉ እንዲህ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች እንደ ክንፍ ተዘርግተው የፋብሪካውን ስም ያቅፉታል። ግን የሰከንዱም ቆጣሪ በአምስቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ነበረ። ሰውዬው አበባ ፍለጋ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ቆማ ጠብቃዋለች ማለት ነው።

"መሙያውን ስቦ አቁሞት ይሆናላ" አለኝ ወዳጄ።

ይሆናል። ሊሆን የማይችል ነገር የለም። "የሚሄድበትን አጭር ቪዲዮ ላክልኝ፤ ጀርባውንም ክፈትና ማሽኑን አሳየኝ ብለህ ለምን አትጠይቀውም?" አልኩት።

"ኧረ ይሉኝታ የለህም እንዴ!" አለኝ። "ሰውዬው ምን ይለኛል?"

ይህ ሰው ጠዋት ሽንኩርት ሲገዛ ከስሩ አምስቱን አስቀይሮ፣ ስድስተኛውን በምርቃት አስጨምሮ የመጣ ነው። ይሉኝታ ግን ባሕር ሲሻገር ይጠነክራል መሰለኝ። ጀርባው ይከፈት ብሎ መጠየቅ ሰውን እንደ መጠርጠር ነው፤ መጠርጠር ደግሞ ነውር ነው፤ በዚያ ላይ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ስለዚህ አልተጎረጎረም።

ሻጩ እንደሚለው ሰዓቱ የአያቱ ነው፤ ከመሳቢያ ውስጥ ነው የተገኘው። እዚህ ላይ ለእኒህ አያት ያለኝን አክብሮት ሳልገልጽ ባልፍ ቅር ይለኛል። የዚያኑ ሻጭ ሌሎች ዕቃዎች ብንመለከት አያቱ አርባ ያህል ሰዓት ነበራቸው፤ አብዛኛውን አስረውት አያውቁም፤ በየሳምንቱም ከመሳቢያቸው አዲስ ይገኛል። እንዲህ ያለ አያት ያለው ልጅ ለምን ሰዓት ነጋዴ ሆነ ብዬ አልጠይቅም። ይሉኝታ ያዘኝ።

ወዳጄን የማረከው የሰዓቱ ፊት ነው። "ስድሳ ዓመት ሞልቶት አንድ ጭረት የለውም!" አለ። እውነቱን ነው፣ አልነበረውም። ስድሳ ዓመት የኖረ ፊት ይወይባል፣ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ጠርዙ ላይ ይጨልማል፤ የእኔም የእሱም ፊት በአርባ ዓመት ያደረገውን አድርጓል። ያ ሰዓት ግን ሙሽራ ይመስል ነበር። ሰማያዊነቱ ዓይን ይወጋል። ስሙን አጉልታችሁ ካያችሁት ፊደሎቹ ጫፋቸው ደንዝዟል፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ከታች ከስድስቱ ቁጥር ሥር መኖር የነበረበት "ስዊስ ሜድ" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሠዓሊው ቸኩሎ ነበር ማለት ነው።

ሕንድ ውስጥ ያረጀ የሰዓት ፊት አጥቦ እንደ አዲስ መቀባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚያው ባንጋሎር በ1961 እ.ኤ.አ. ከጃፓኑ ሲቲዝን ጋር ተባብሮ ሰዓት መሥራት የጀመረ ኤችኤምቲ የሚባል የመንግሥት ፋብሪካ ነበር፤ የሕንድ መንግሥት የሰዓት ክፍሉ እንዲዘጋ የወሰነው በ2016 ነው። ያ ሁሉ ሰዓት የት ይሂድ? የኤችኤምቲውም፣ የሴኮ ፋይቩም፣ ስሙ የተረሳው የስዊሱም ፊት ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ቀለም ቀቢዎቹን አልወቅስም፤ እጃቸው ይባረክ፤ የሚሠሩበትን ዋጋ ያወቀ ሰው አይወቅሳቸውም። የሚያስደንቀኝ ገዢው ነው፤ ሴኮ በ1963 ያወጣው ሴኮ ፋይቭ ሐምራዊ ሆኖ ሲመጣለት "እንዲህ ዓይነቱ ብርቅ ነው" ብሎ ሃምሳ ዶላር የሚጨምረው።

ሰዓቱ በአንድ ዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። የዘመድ ሻንጣ የራሱ ታሪክ አለው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ወዳጄ በመጀመሪያው ሌሊት ደወለልኝ።

"ብርድ ልብስ ውስጥ አበራ!" አለኝ። "ቁጥሮቹ በሙሉ! እስኪነጋ!"

እንኳን ደስ አለህ አልኩት። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ፊዚክስ ብናገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የድሮ ሰዓቶች ቁጥር ጨለማ ውስጥ የሚያበራው መጀመሪያ በራዲየም ነበር። በ1960ዎቹ በትሪቲየም ተተካ፤ ያኔ ከፊቱ ግርጌ ትንሽ "ቲ" መጻፍ ተለመደ። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በስድሳኛ ዓመቱ ከመቶ ሦስት ያህሉ ነው የሚቀረው። ራዲየም በበኩሉ 1,600 ዓመት ቆይቶም ግማሹ አለ፤ ግን አብሮት የተለወሰው ቀለም ቀድሞ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ አያበራም፤ ይልቅ ክዳኑን ከፍቶ ዱቄቱን ማሽተት ነው የማይገባው። ስለዚህ የስድሳ ዓመት ሰዓት እስኪነጋ ካበራ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ባለፈው ወር የተቀባ ነው። ወዳጄ ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጠ መገመት አያቅታችሁም።

መጠኑ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶት ነበር። ፎቶው ላይ ሳህን የሚያክለው ሰዓት እጁ ላይ ሲያርፍ ከአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳን ብዙም አልበለጠም። የዚያን ዘመን የወንድ ሰዓት 34 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማን ያንብብ። "ባለ 17 ድንጋይ" የሚለውን ግን አንብቦታል። አሥራ ሰባት ሩቢ! ሚስቱ የቀለበቷን አንድ ሩቢ ስንት ጊዜ እንደምትቆጥረው ስለሚያውቅ አሥራ ሰባቱን በልቡ አባዝቶ ነበር። ድንጋዮቹ የማሽኑን መዘውሮች ከመበላት የሚጠብቁ፣ በፋብሪካ እሳት የሚሠሩ፣ ዋጋቸው ከእህል የማይበልጥ መሆናቸውን አልነገርኩትም። ሰው ደስ ሲለው አይረበሽም።

ወረቀትም ነበረው። ሻጩ በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ "የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ባለሟል ከነበሩ ሰው የተገኘ" የሚል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወዳጄም ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጠው። የጃንሆይ ስም የሰዓት ዋጋ እንደሚሰቅል ሻጩ ሰምቷል፤ አልተሳሳተም። የጃንሆይ የነበረ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴሉ 2497፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ፓቴክ የሠራውን ሰዓት መዝግቦ ይይዛል፤ ሎንጂንም እንዲሁ፤ ቁጥሩን ልካችሁ ብትጠይቋቸው ከመዝገባቸው አይተው መቼ እንደተሠራ ይነግሯችኋል። ወዳጄ ግን ሎንጂንን ምን አስቸገረው፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለው።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ማሰሪያ ለማስቀየር መርካቶ አብረን ሄድን። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአንድ ሰው የማትበልጥ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው፣ በግራ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ተክለው የአንዲት ተማሪ ካሲዮ ባትሪ ይቀይራሉ። ተራችን ሲደርስ ሰዓቱን ተቀበሉ፤ ማሰሪያውን አላዩም። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት። ቀስ አድርገው ነቀነቁት። እንደገና ነቀነቁት።

"ልጄ፣ ፊቱ ላይ ምን ይላል?"

"አውቶማቲክ ይላል፣ አባቴ።"

ምንም ሳይሉ ስለታም ቢላዋ ከመሳቢያ አውጥተው ጠርዙ ላይ አሳርፈው ጫን ሲሉት ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተነሣ። አጉሊ መነጽሩን አውልቀው ለወዳጄ ሰጡት። አውቶማቲክ ሰዓት ውስጥ ክንድ ሲወዛወዝ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላ ግማሽ ክብ ብረት አለ፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት ሹክሹክታ ያሰማል። እዚያ ውስጥ ግማሽ ክብም ሙሉ ክብም አልነበረም። የዚያ ዘመን የኦሜጋ ማሽን መዳብ ይመስላል፤ ስሙና ቁጥሩ ተቀርጾበታል። ይኼኛው ነጭ ነበር። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ወዳጄ ጮክ ብሎ አነበበው፦

"ኤች፣ ኤም፣ ቲ።" ቀና አለ። "ኤችኤምቲ የኦሜጋ የምን ሞዴል ነው፣ አባቴ?"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። "ጥሩ ሰዓት ነው፣ ልጄ። በእጅ ይሞላል፤ በደንብ ይሄዳል። ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው።" ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ገጥመው መለሱለት። የከፈቱበትን አላስከፈሉም። በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ውስጥ ነው ሁሉም ያለቀው።

በመንገድ ላይ ላጽናናው ብዬ የኦሜጋን የራሱን ታሪክ ነገርኩት። በ2021 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ አንድ የ1957 ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው ኦሜጋ ራሱ ነበር፤ ለሙዚየሙ። በ2023 ኦሜጋ ራሱ ወጥቶ ሰዓቱ ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም ውስጥ የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ተናገረ። እንዲህ ያለውን ፈረንጆች "ፍራንከን" ይሉታል፤ እኛ ድሪቶ እንላለን። የነገርኩት እንዲጠነቀቅም ጭምር ነበር። እሱ ግን ደረቱን ነፋ። "አየህ? ኦሜጋም እንደ እኔ ነው!"

ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ሰዓቱን በፍላኔል ወልውሎታል። "ያንተ ስልክ ካሜራው ጥሩ ነው፣ እስቲ አምስት ፎቶ አንሣልኝ" አለ። የሚለጥፈውን ጽሑፍ ቀድሞ አዘጋጅቶታል፤ አነበብኩት። ቪንቴጅ፣ ብርቅ፣ ፊቱ ጭረት የሌለው፣ ከነወረቀቱ፣ ከአያቴ የወረስኩት። አያቱን አውቃቸዋለሁ። የመንዝ ገበሬ ነበሩ፤ ጊዜን የሚለኩት በጥላቸው ነበር።

"አበባ የለህም?" አለኝ፤ መሙያውን ሳብ አድርጎ ቆጣሪዎቹን አራት ሰዓት ከአስር ላይ እያቆመ።