ቤት ፍለጋ ቦምቤ

የአጎቴ ልጅ ዋሽንግተንን ለቆ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የገባው የኪራይ ነገር አማርሮት ነው። አበሻ የማይታጣበት፣ እንጀራ በቅርብ የሚገኝበት፣ ደመወዝ ወር የሚያደርስበት ከተማ ፈልጎ አገኘ። ሰፈሩን የመረጠው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነው። ስልኩን ከፍቶ የትምህርት ቤቱን ደረጃ አየ፤ የወንጀሉን ካርታ አየ፤ ከቤቱ እስከ ቡና መሸጫው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ አየ፤ ፈረመ። ጎረቤቶቹን እስካሁን አያውቃቸውም። ካርታው ላይ አረንጓዴ ናቸው፤ ይበቃዋል።

እኔም አዲስ አበባን ልለቅ መሆኑን ስነግረው ደስ አለው።

"የት ልትገባ ነው?"

"ቦምቤ።"

"ቦምቤ የት ነው?"

"ወላይታ። ከአረካ አለፍ ብሎ።"

ትንሽ ዝም አለና እዚያ አገር ከተሞች ነዋሪ ለመሳብ እንደሚሻሙ አጫወተኝ። ኦክላሆማ ያለችው ቱልሳ ሥራውን በኮምፒዩተር ይዞ ለሚመጣ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 10,000 ዶላር ትሰጣለች አለኝ። "ቦምቤስ ስንት ሰጠችህ?"

ቦምቤ ምንም አልሰጠችኝም። አዲስ አበባ ናት የገፋችኝ። አከራዬ አዋጅ አንባቢ ናቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ከእኔ ቀድመው ጨርሰውታል። ውል ከሁለት ዓመት እንደማያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንደማይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንደሆነ በቃላቸው ይወጡታል። ስለዚህ ኪራይ አልጨመሩብኝም። የጥበቃ ጨመሩ። የጽዳት ጨመሩ። የውሃ መሳቢያው ሞተር አረጀ ብለው የእርጅና ጨመሩ። ኪራዩ እንደ ሙሽራ ባለበት ቆሞ ሚዜዎቹ በዙ።

የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ላፕቶፕና ቻርጀር ካለኝ የትም ቁጭ ብዬ የሌላውን ሰው አራት ነጥብ ቦታ ቦታው አስይዛለሁ። ቦምቤ ልቤ ውስጥ የገባችውም በዚሁ ሥራ ሰበብ ነው፤ ስለ ጎደሬ አተካከል የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ሳርም፣ አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው "ቦሎሶ 1" የሚባል የጎደሬ ዝርያ መኖሩን ተረዳሁ። ቦሎሶ የት ነው ብዬ ካርታ ስፈልግ ቦሎሶ ቦምቤ የሚባል ወረዳ መጣልኝ፤ ዋና ከተማው ቦምቤ። ገጽ በገጽ ዝናቡ ሲዘንብ፣ የጎደሬው ቅጠል ሲሰፋ ከርሞ፣ ከነጠላ ሰረዙ ይልቅ "እዚህ አገር ኪራይ ስንት ይሆን?" የሚለው ያሳስበኝ ጀመር።

ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ የቦምቤ ልጅ ነው። የምሄድበትን ስነግረው ብሩሹን አቆመ።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍተው ነው?"

ሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ "ለምን ሶዶ አትገባም?" ይለኛል። ሶዶ ምን ይወጣላታል? ዳሞታ ተራራ ራስጌዋ ነው፤ ጉታራን የሚያህል አዳራሽ አላት፤ በጋንዳባ በኩል ዩኒቨርሲቲ፣ በኦቶና በኩል ሆስፒታል አላት። ችግሩ እሱ ነው። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ መቀመጫው ሆነች። ቢሮ የሄደበት ሠራተኛ ይሄዳል፤ ሠራተኛ የሄደበት የቤት ደላላ ይሄዳል፤ የቤት ደላላ የደረሰበት አገር ለእኔ ቢጤ አይሆንም። በቡታጅራ፣ በወራቤ፣ በሆሳዕና አድርገን አረካ ስንደርስ አውቶቡሱን ወደ ሶዶ ሸኝቼ የቦምቤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ወንበሩ ለሦስት ሰው የተሠራ ነው። አምስት ነበርን፤ ዶሮዋን ሳይጨምር። ግራዬ ላይ ጆንያ ሙሉ ጎደሬ ያቀፉ እናት፣ ቀኜ ላይ መነጽር ያደረገ መምህር፣ ጉልበቴ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሕፃን። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ "ማን ጋ ነው?" አለኝ። የምወርድበትን ሳይሆን የምሄድበትን ሰው ነው የጠየቀው።

"ማንም ጋ አይደለም። ቤት ልከራይ ነው።"

ወሬው በወላይትኛ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቤት ልገዛ ነው። ከኋላ ተመልሶ ሾፌሩ ጋ ሲደርስ ወፍጮ ቤት ልከፍት ነው። ላስተባብል ብሞክርም ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ "ጥሩ አስበሃል፤ ያለው ወፍጮ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይታመማል" አለኝ።

ከዚህ በኋላ ሚኒባሱ በሙሉ ሰፈር ይመርጥልኝ ጀመር። መምህሩ መኪና መንገድ ዳር ያዝ አለ፤ ሐምሌ ላይ ከዋናው መንገድ ርቆ የገባ ሰው ጫማውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ ነው የሚወጣው። አንዱ ጎረምሳ ከገበያው ጎን ይሻላል፣ ኔትወርክ እዚያ ነው አለ። የጎደሬዋ እናት ሁለቱንም አልወደዱላቸውም።

"ማታ ቢያመው ማን ሊሰማው? መንገድ ዳር የሚሰማህ መኪና ነው። ገበያ ዳር የሚሰማህ ሰካራም ነው።"

እኔም ከአዲስ አበባ አዘጋጅቼ የመጣኋቸው ጥያቄዎች ነበሩኝ። መምህሩን "መብራት ይጠፋል?" አልኩት።

"ይመጣል እኮ" አለኝ።

ጊቤ 3 እዚሁ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ላይ ያለ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ መሆኑን አስታወስኩት። የተማረ መስሎ ለመታየት እንጂ ቁጥሩ እዚያ ወንበር ላይ ምንም አይፈይድም ነበር። "አዎ፣ ጎረቤታችን ነው" አለ መምህሩ። "ጎረቤት ደግሞ በየቀኑ አይጠየቅም።"

የአጎቴ ልጅ ሰፈሩን ሲመረምር ሰፈሩ እሱን አልመረመረውም። እኔ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። አግብተሃል? ስንት ወለድክ? ሚስትህ ለምን አብራህ አልመጣችም? ተጣልታችኋል? ቃለ ሕይወት ነህ ኦርቶዶክስ? የመጨረሻውን የጠየቁት እናት ክፋት አላሰቡም፤ እሑድ ጠዋት ሩቅ እንዳልሄድ ነው። ሾፌሩ ግን ሁሉንም ጸጥ አሰኝቶ ዋናውን ጥያቄ አመጣ።

"ማንን ነው የምትደግፈው?"

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሳላስበው "ጊዮርጊስ" አልኩ። ረዳቱ የበሩን መያዣ ጨበጠ። ወላይታ ድቻ በ2010 የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ድረስ ሄዶ በፍጹም ቅጣት ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተ ቡድን ነው፤ ያንን ማታ እንደ ልጁ ልደት የማያስታውስ ሰው በዚያ ሚኒባስ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። "ያን ዕለት ግን ድቻን ነው የደገፍኩት" ስል መኪናው ፍጥነቱን መለሰ።

ቦምቤ ስንወርድ የገበያ ቀን ነው። ሾፌሩ ለአንድ ቦቲ ጫማ ለተጫማ፣ ረጅም ዱላ ለያዘ ሰው አስረከበኝ። ሰውየው የከብት ደላላ ነው፤ ቤት የሚፈልግ ሲመጣ ቤትም ያገናኛል። የመጀመሪያው ቤት ጋ እንደደረስን የጭቃ ግድግዳውን በመዳፉ ጠበጠበው።

"ጉልበት አለው። ሁለት ክረምት አይቷል፤ አልተንበረከከም። ፊት የያዘው አስተማሪ ነበር፤ ተዛውሮ እንጂ ጠልቶት አይደለም።"

ዞር ብሎ ከኋላም አየልኝ። የጣራውን ቆርቆሮ በዱላው ነካ ነካ አድርጎ "ጥርሱም ሙሉ ነው" የሚል መስሎኝ ስጠብቅ፣ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመና "ሞተሩን እዚህ ትተክላለህ" አለኝ። ሁለተኛው ቤትም ሞተር መትከያ ነበረው። ሦስተኛው ጭራሽ መስኮት የሌለው፣ ዱቄት የጠጣ የድሮ ወፍጮ ቤት ነበር። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያውን አዳርሶታል። እንዲያውም አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ በቆሎ በኪሎ በስንት እንደምፈጭ ጠየቀችኝ። ውድ እንዳልሆን ተማጽናኝ ሄደች።

ከዚህ ያወጡኝ የጎደሬዋ እናት ናቸው። ጆንያቸውን አራግፈው ሲመለሱ ከደላላው ጋር ቆሜ አገኙኝ። "ይሄን ሰውዬ ተወው፤ የእኔ ልጅ ክፍል ባዶ ነው" አሉት። ደላላው ትንሽ አጉረመረመ፤ ኮሚሽኑን ግን ተቀበለኝ።

ግቢው ደስ ይላል። ከፊት ሣሩ አጠር ብሎ የተጋጠ መስክ፣ ከኋላ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ጎደሬ። የልጁ ክፍል ከዋናው ቤት ተነጥላ ለብቻዋ ቆማለች። ቆርቆሮ ለብሳለች፤ ወለሏ ተለቅልቆ ደርቋል። በሩን ከውስጥ ስዘጋው ጀርባው ላይ በከሰል የተጻፈ አየሁ። ከላይ በኩል ልጁ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያጠናው የሒሳብ ቀመር አለ፤ ከግማሽ በኋላ ፈዝዟል። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ልጁ ከአዲስ አበባ የላከው ብር በወር በወሩ ተመዝግቧል። አንዳንዱ ወር ላይ ሰረዝ ብቻ ነው። እናትየው አጠገቤ ቆመው "እሱን እንዳታጠፋው" አሉኝ።

ልጁ ስታዲየም አካባቢ ሎተሪ ያዞራል። ወላይታ ገጠሩ በሰው የተጨናነቀ አገር ነው፤ የብዙው ቤተሰብ መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ወንድማማቾች ተካፍለውት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለመቆሚያ እንጂ ለማረሻ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ እኔ የሸሸሁት ከተማ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ተዳብሎ ያድራል፤ እኔ እሱ የተወው ክፍል ውስጥ ላድር ነው። ኪራዩን ሲነግሩኝ አዲስ አበባ ለጥበቃና ለጽዳት ብቻ ከምከፍለው ያንሳል። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

"ቆይ" አሉ እናትየው። "ለጊፋታ ትለቃለህ።"

"እንዴት?"

"ልጄ ሲመጣ የት ያድራል?"

እንደ አከራዬ አዋጅ ጠቀስኩ። ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ በመሀል ውጣ ግባ የለም፣ ሕጉ እንዲህ ነው አልኳቸው።

"ሕጉ ልጅ የለውም?" አሉኝ።

አራሚ ነኝ፤ መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሳይ አውቀዋለሁ። ማጽናኛ ግን አላጡም፦ "አንተ የዚያን ሳምንት እሱ የሚያድርበት ትሄዳለህ፤ ቦታው ባዶ ነው።"

ይህን እየተነጋገርን ምሳ ቀረበ። ቆጮ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ከመሀል በትንሽ ጣባ ዳጣ። የወላይታ ዳጣ አረንጓዴ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ገና ሽታው ሳይበርድ የሚቀርብ ነው፤ አንዴ በጎደሬ ጠቀስ አድርጌ ጎረስኩ፤ ለጥቂት ጊዜ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ከዓለም ላይ ጠፋ። ዓይኔን ስጠርግ አባወራው ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ብብታቸው ሥር ጥግ ጥጉ የታጠፈ ደብተር የያዙ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጥተውኝ ስለ ኪራይ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ "ሥጋ ትበላለህ?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው የሚከበረው። ለዚያ ቀን ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ያጠራቅማል፤ ሴቷ ለቅቤ ታጠራቅማለች። የደብተሩ ሰው የሰፈሩ የበሬ ገንዘብ ያዥ ናቸው። የላይኛው ሰፈር ማኅበር ሞልቷል። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ባለፈው ዓመት በመደቡ አከፋፈል ተጣልተው እስካሁን አልታረቁም። የእሳቸው ማኅበር ውስጥ ደግሞ አንድ አባል ሀዋሳ ልጁ ጋ ሄዶ አንድ ቦታ ጎድሏል።

"እንግዲህ ሰፈርህ እዚህ ነው" አሉ።

ማኅበሩ ወራቱን አጋምሶ ስለነበር ያለፈውንም ጨምሬ ከፈልኩ። ስሜን ደብተራቸው ላይ በሁለት ስህተት ጻፉት። እጄ በላኝ፤ ግን ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ዝም አልኩ። ከዚያ የሁለት ወር ኪራይ ቆጥሬ ሳቀርብላቸው በመዳፋቸው ወደ እኔ መለሱት።

"ኪራይ ሚስትህ ስትመጣ። ሴት ሳታየው ቤት አይያዝም።"

"በሬውስ?"

"በሬ ይያዛል።"

ለሚስቴ ደወልኩ። ስልኩ የሚይዘው ከእንሰቱ ጎን ቆሞ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲደረግ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ፣ አጥር ላይ የተደገፉትም ጎረቤቶች አብረውኝ ይሰማሉ። ቤቱን ያዝክ ወይ አለችኝ። ገና ነው፣ አንቺ አይተሽው ነው፤ የበሬ ድርሻ ግን ይዘናል፣ አንድ ሙሉ መደብ አልኳት። የክፍሉን ሁኔታ፣ የልጁን መምጣት፣ የጊፋታን ነገር ሁሉ አስረዳኋት። በጣም ጸጥ አለች። አስተዋይ ሴት ናት።

"ቆይ እስቲ። በሬው የሚታረደው እኛ ክፍሉን በምንለቅበት ሳምንት አይደለም እንዴ?"

አባወራው ከበስተኋላዬ ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ተጠጉ።

"አታስቢ፣ ልጄ። ድርሻችሁን ልጁ ይበላላችኋል።"