ለካፍ መርማሪዎች፦ ነቀምት ላይ ሳታዩት ያለፋችሁት ስታዲየም አለ

ለ፦ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ)፣ የስታዲየም ፈቃድ ክፍል፣ ካይሮ
ከ፦ ነቀምት፣ የአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ደንበኞች
ጉዳዩ፦ የሜዳ ፈቃድ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፤

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለች፣ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በኳሷ ባታውቋት በቡናዋ ሳታውቋት አትቀሩም፤ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚሸጠው ቡና የእኛው ነው። ይህን የምንነግራችሁ ጉቦ ለማቅረብ አይደለም፤ እናንተ መዝናችሁ የማትጥሉት ነገርም እንዳለን እንድታውቁልን ብቻ ነው።

ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ምስጋና ይቀድማል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብላችሁ ዘጋችሁብን። እኛ ግን ዞር ብለን ስናስበው የከለከላችሁን አንድ ሜዳ ነው፣ የሰጣችሁን ግን አህጉር ሙሉ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብጽን 2 ለ 0 «በሜዳችን» ስንረታ ሜዳችን ሊሎንግዌ ነበር፤ ማላዊዎች እልል አሉልን። ኅዳር 2016 ዓ.ም ሴራሊዮንን «ቤታችን» የተቀበልነው ሞሮኮ ነው። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ያስተናገድነው ዳሬ ሰላም ሄደን ነው። ከሁሉ ከሁሉ የኪንሻሳው አይረሳንም። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም በኮንጎዎች ስታዲየም ባለሜዳ ሆነን በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስተኛው ቀን እዚያው ስታዲየም፣ እዚያው ሣር ላይ፣ እንግዳ ሆነን ባለቤቱን ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍን። እንግድነት ከባለቤትነት ይልቅ እንደሚስማማን በእናንተ ቸርነት አወቅን።

አንዳንድ ወሬኛ ግን «ካፍን በ1957 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አንዷ ኢትዮጵያ አይደለችም ወይ? ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት ድርጅት አይደለም ወይ? የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ አዘጋጅተን እዚያው አላስቀረነውም ወይ?» ይላል። እንዲህ ላለው ሰው መልሳችን አጭር ነው፦ ቤት የሠራ ሁሉ ቤት ይደርሰዋል ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ማመልከቻችን። መርማሪዎቻችሁ አገራችን በመጡ ቁጥር ትልልቁን ሲያዩ ትንሿን አልፈዋታል። በወለጋ ከተሞች ሁሉ፣ ከሻምቡ እስከ ጊምቢና ነጆ፣ በየሳምንቱ የአውሮፓ ውድድር ሳይቋረጥ የሚካሄድባቸው ሜዳዎች አሉ። ዲኤስቲቪ ቤት ይባላሉ፤ ከፍለን ኳስ በቴሌቪዥን የምናይባቸው ቤቶች ናቸው። የኛን በእናንተው መመዘኛ መዝነነዋል፤ ውጤቱ እነሆ።

መቀመጫ። ደንባችሁ ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱ መቀመጫ ይላል። የኛ አግዳሚ ለአምስት ሰው ተሠርቶ ስምንት ይይዛል፤ የሻምፒዮንስ ሊግ ማታ አሥር። አንዱ ለጎል ሲነሳ ዘጠኙ ስለሚዘረጋ፣ ተመልሶ የሚቀመጠው ጎሉ ከተሻረ ብቻ ነው።

የመግቢያ በር። ካሜራ የለንም፤ ቲኬት ቆራጭ አለን። የከፈለውን ሁሉ የእጁ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይፈርምበታል። ፊርማው ማታ ማታ ይቀየራል። ትናንት የተፈረመበትን እጁን ሳይታጠብ የመጣ አንድ ጎረምሳ በዕረፍት ሰዓት ተይዞ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ በግድግዳው ቀዳዳ ጨርሷል።

መብራት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። እስኪነሳ ያለው ጊዜ የዳኛ ውሳኔ መከለሻችን ነው። በጨለማ ውስጥ ሁሉም ያየውን ይናገራል፤ መብራት ሲመጣ ጎል ገብቶ ይገኛል።

ጣሪያ። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ በቆርቆሮ። የነቀምት ዝናብ ሲወርድበት የአስተያየት ሰጪው ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ጨዋታውን ራሳችን እናስተላልፋለን። በአፋን ኦሮሞ ይጀመራል፣ በአማርኛ ይጋጋላል፣ ኦፍሳይድ ላይ ሲደርስ ቋንቋ ሁሉ ያልቅበታል።

ስርጭት። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። መጋቢት 2 ቀን ሊቨርፑል በአንፊልድ በአትሌቲኮ ማድሪድ 3 ለ 2 ተሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊግ ሲሰናበት ነቀምት ላይ በቀጥታ አየን። ቄለም ወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ ያለች እህታችን ደህና መሆኗን ግን ደውለን መጠየቅ አልቻልንም። በዚህ መመዘኛ ሙሉ ነጥብ ስጡን፤ ከአንፊልድ ጋር የተቋረጠ ግንኙነት የለንም።

የገንዘብ ምንጭ። ከመንግሥት አንድ ብር አልተቀበልንም። አጥሩን የሠራው ባለቤቱ ነው፣ ዲሹን የገዛው ባለቤቱ ነው፣ ወጪውን የሚመልሰው ተመልካቹ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ያለ ድጎማ ከሚኖሩት ጥቂት የእግር ኳስ ተቋማት አንዱ ነን ብንል የሚከራከረን አይኖርም።

ክቡራን፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በመመዘኛችሁ ውስጥ የለም፤ ይሁን እንጂ ያለ እሱ ሪፖርታችን ሙሉ አይሆንም። እዚህ ቤት ከጨዋታው የሚበልጠው ክርክሩ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ ቶተንሃምና ማንቸስተር ዩናይትድ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢልባኦ ላይ ተገናኙ። አንዱ በዚያ ዓመት በአገሩ ሊግ 17ኛ፣ ሌላው 15ኛ ሆኖ የጨረሰ ነው። ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግ ቦታ አገኘ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ መምህር ብድግ ብሎ «ከክፍሉ 17ኛ ወጥቶ የሚሸለም ተማሪ አሳዩኝ!» አለ። አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ ዩናይትድ ተሸንፎበት ዓይኑ ቀልቷል፣ እንዲያም ሆኖ ለሕጉ ቆመ፦ «ሊጉ ሌላ፣ ዋንጫው ሌላ። ዋንጫ ያነሳ ገባ፤ አለቀ!» እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሱፍ የሚፈለፍሉ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። «እሱን ተዉትና፣ ይህን የሚያምር ስታዲየም ማን ነው ያሠራው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዋንጫ ሲነሳ ያየ ሰው የለም። አንድ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ተናገረ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲሱ ሳን ማሜስ የተሠራው የባስክ ክልል መንግሥት፣ የቢስካይ አውራጃ ምክር ቤት፣ የቢልባኦ ማዘጋጃ ቤት፣ የአካባቢው የቁጠባ ባንክና ክለቡ ተጋርተው ባወጡት ገንዘብ ነው። «አያችሁ!» አሉ ጡረተኛው፤ ምን እንዳየን ግን አልነገሩንም።

ከቢልባኦ ወደ ለንደን ተሻገርን። ዌስትሃም ለኦሊምፒክ ወደ ተሠራው ስታዲየም በ2016 እ.ኤ.አ. ገባ። ስታዲየሙን ለኳስ ለማመቻቸት 323 ሚሊዮን ፓውንድ ፈሷል፤ ክለቡ ያዋጣው 15 ሚሊዮን ነው። ለ99 ዓመት ሲከራየው ኪራዩ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነበር። መምህሩ «ይኸ ኪራይ ነው ወይስ ጥሎሽ?» ብሎ ራሱን ያዘ። ከለንደን ወደ ማንቸስተር። ዩናይትድ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2 ቢሊዮን ፓውንድ እሠራለሁ ብሏል። ስታዲየሙን በራሴ ገንዘብ ነው ይላል፤ የአካባቢውን መልሶ ማልማት ግን መንግሥት እንዲያግዝ ይፈልጋል። የባጃጁ ሾፌር «ቢያግዝ ምን አለበት? መንገድ ለሁሉም ነው» አለ። ጡረተኛው ተቆጡ፦ «የማንቸስተር እናት ግብር ከፍላ የቢሊየነር ሠፈር ታስነጥፍ?» የማንቸስተር እናት ይህን ያህል የተቆረቆረላት ሰው ነቀምት ላይ እንዳለ ብታውቅ ቡና አፍልታ በጠራችን።

በዚህ ምክንያት ስማችን ጠፍቷል። ቤት ስንገባ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንባላለን። ተረቱ አይነካንም ብለን አንዋሽም። ለእናንተ ግን ምክንያታችንን እንገልጻለን፦ የሰውን የምናማስለው ክዳኑ ተከፍቶ ስላገኘነው ነው። የዌስትሃም ውል መጀመሪያ ተደብቆ ነበር። የብዙ ክለቦች ደጋፊ ማኅበራት ተባብረው ጠየቁ፣ ጉዳዩ እስከ መረጃ ፍርድ ሸንጎ ደረሰ፣ በመጨረሻም በ2016 እ.ኤ.አ. ሙሉ ውሉ ወጣ። እኛ ነቀምት ቁጭ ብለን የለንደንን ኪራይ በቃላችን የምንወጣው እነዚያ ደጋፊዎች ክዳኑን ስላነሱት ነው። የእኛ ድስት ክዳኑ እንደ ተገጠመ ነው፤ ማረሩ ከሽታው ይታወቃል፣ ምን ያህል ቅቤ እንደ ገባበት ግን ያየ የለም።

በርግጥ ድስቱ ሲጣድ እንጠራለን። አዲስ አበባ ላይ አደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ዓ.ም ሲጀመር ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንደሚይዝ ተነግሮናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 2.47 ቢሊዮን ብር ፈጀ ተባለ፤ ሁለተኛው በ2020 እ.ኤ.አ. በ5.57 ቢሊዮን ብር ውል ተፈረመ፤ የተሰጠውም ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነበር። ውል ሲፈረም ቁጥር ይነገረናል፤ ሪባን ሲቆረጥም ይነገረናል። በፊርማውና በሪባኑ መካከል ያሉት ዓመታት ግን ከተመልካች ውጭ፣ በዝግ ስታዲየም የሚካሄዱ ናቸው።

ወደ ከተሞቹ ስንወርድ ነገሩ ይብሳል። ስታዲየም የሚሠራው በመንግሥት በጀትና በሕዝብ መዋጮ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችንም የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም ገንዘብ ነው። የአጥቂው ደሞዝና የሠፈሩ የውሃ መስመር ከአንድ ካዝና ይወጣሉ። ነቀምት ወለጋ ስታዲየም አላት፤ ነቀምት ከተማም በከፍተኛ ሊጉ የሚታወቅ ክለብ ነው። ከዲኤስቲቪ ቤታችን ውስጥ አንዱን አስነስታችሁ የኤምሬትስ ስታዲየም ስንት ፈጀ ብትሉት 390 ሚሊዮን ፓውንድ ብሎ ይቀመጣል። የገዛ ከተማችን ስታዲየም ስንት ፈጀ ብላችሁ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ግን አራት መልስ ይሰጧችኋል፤ አራተኛው መልስ «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» የሚል ነው።

ክቡራን፤ ይህን ክርክር የአውሮፓ አምልኮ አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር አምልጦታል። ጡረተኛው ስለ ቢልባኦ ሲጠይቁ የጠየቁት የዜጋ ጥያቄ ነው፦ ማን ከፈለ? ማን ተጠቀመ? ማን ይጠግነዋል? ጥያቄው መልስ ወዳለበት አገር ተሰደደ እንጂ የተወለደው እዚሁ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ሜዳ አጥቶ እንደ ተሰደደ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና እንጠይቃለን።

1ኛ. ለዲኤስቲቪ ቤታችን በየትኛውም ደረጃ የሜዳ ፈቃድ ይሰጠን። የመልበሻ ክፍል የለውም ብላችሁ እንዳትከለክሉን፤ እዚህ ቤት ከመጣ በኋላ ማሊያ የቀየረ ደጋፊ የለም።

2ኛ. የሚቀጥለው «የሜዳችን» ጨዋታ ውጭ አገር የሚመደብ ከሆነ፣ ከነቀምት መናኸሪያ በአውቶቡስ የሚደረስበት አገር ይፈለግልን።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው። መርማሪዎቻችሁ መቀመጫ ሲቆጥሩ፣ የመብራቱን ብርሃን ሲለኩ፣ የሣሩን ቁመት ሲያዩ፣ ወደ በሩ ዞር ብለው አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የሒሳብ ሰሌዳ። ስንት ብር ፈጀ፣ ከየትኛው ካዝና ወጣ፣ ሕዝቡ ስንት አዋጣ፣ በዓመት ለጥገና ስንት ተመደበ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ ተካሄደበት። በቀለም ይጻፍ፤ ቀለም ከጠፋ የኛን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ እናውሳለን። ሰሌዳ የሌለው ስታዲየም፣ መቀመጫው በወርቅ ቢለበጥ እንኳ፣ ፈቃድ እንዳትሰጡት።

«ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፤ በአገራችሁ ሕግ ጠይቁ» እንደምትሉን እናውቃለን። ልክ ናችሁ፤ ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለመልሱም 30 ቀን ይሰጣል። መምህሩ በአንድ የዕረፍት ሰዓት አነበበልን። ቤቱ ጸጥ ብሎ ካዳመጠ በኋላ የባጃጁ ሾፌር «ይኸ ሕግ ለኛም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደሚሠራ ሲነገረው ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠው ያህል ዘለለ። በዚሁ ሕግ የመረጃ መጠየቂያ ማመልከቻውን ጡረተኛው በገዛ እጃቸው ጽፈውልናል። ፈራሚዎቹ የአርሰናልም፣ የዩናይትድም፣ የሊቨርፑልም ደጋፊዎች ናቸው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ተስማምተው ሲፈርሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እናንተ ሰሌዳውን እስክታስገድዱ እኛ 30 ቀኑን መቁጠር እንጀምራለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የነቀምት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ደንበኞች

ግልባጭ፦
ለዩኤፋ፣ ኒዮን፦ 17ኛ የወጣ ቡድን ጉዳይ ገና ስላልተዘጋ
ለዌስትሃም የቤት አከራዮች፦ ኪራይ እንዲጨምሩ
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፦ አድራሻችን ያልተቀየረ መሆኑን ለማሳወቅ
ስታዲየም ላላቸው የከተማ አስተዳደሮች ሁሉ፦ ጠመኔ እንዲያዘጋጁ
ለማኅደር፦ ማኅደሩ የሚከፈት ከሆነ