የማያልቅ ረቡዕ በፈርስት ክላስ

ይድረስ ለሉማሜ ዘመድ አዝማድ፣ ለቡና ተጣጪ ጎረቤት፣ ደብዳቤ ሲነበብ በር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥም ሁሉ።

ላኪው ለመስቀል መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ በሰላም ሎስ አንጀለስ ተመልሷል። በስልክ "መንገዱ እንዴት ነበር?" ስትሉት "ደኅና" ብሎ የዘጋው ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ደግሞም ስለ ራስ ድሎት ማውራት ይሉኝታ ይይዛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የአንድ የሉማሜ ሰው ወሬ ነው። ማን እንደሆነ የገባው ይግባው።

ሰውዬው በፈርስት ክላስ በረረ።

"ቢዝነስ ማለትህ ነው" የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። አይደለም። በእኛው አየር መንገድ ፈርስት ክላስ የሚባል ነገር የለም፤ ከኋላ ኢኮኖሚ፣ ከፊት "ክላውድ ናይን" የተባለው ቢዝነስ፣ በቃ። "በኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈርስት ክላስ መጣሁ" ያላችሁ ዘመድ ካለ አታሳፍሩት፣ ግን ልብ በሉት። በሌላውም ዓለም ማዕረጉ እየተመናመነ ነው። የቢዝነሱ ወንበር ራሱ እንደ አልጋ መዘርጋት ከጀመረ ወዲህ ከዚያ በላይ ከፍሎ ፊት ልቀመጥ የሚል ሰው ቀንሷል። ካልተዉት አየር መንገዶች መካከል የዱባዩ ኤምሬትስ አንዱ ነው። ኤርባስ ኤ380 በተባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን ላይኛው ፎቅ፣ ከፊት፣ በር የሚዘጋላቸው 14 ቦታዎች አሉት። ሰውዬው ከነዚህ በአንዱ ከዱባይ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ 13,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዐሥራ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ።

ትኬቱ ከዐሥር ሺህ ዶላር ያልፋል። ከየት አመጣው? አላመጣም። ሰውዬው የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ናፍጣ የሚቀዳው በክሬዲት ካርድ ነው፤ ካርዱ በወጣው ዶላር ልክ ነጥብ ይቆጥራል፣ ነጥቡ ደግሞ ወደ አየር መንገድ ማይል ይዞራል። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ደንበኛ ማይል የሚያጠራቅምበትን ፕሮግራም ከከፈተ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት፤ የእኛውም "ሸባ ማይልስ" አለው። ማይል ግን እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም፣ ጊዜው ያልፍበታል። "ሊቃጠልብህ ነው" የሚል መልእክት ሲደርሰው ሰውዬው የዓመታት ናፍጣውን በአንድ ወንበር ላይ አፈሰሰው።

ከሉማሜ እስከ አዲስ አበባ የመጣው ግን በሚኒባስ ነው። በደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ በጎሐ ጽዮን ሲወጣ፣ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ የማያውቃቸው እናት ቆሎ በግድ እያዘገኑት። ይህ የቆሎ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልግ ያዙት።

ዱባይ ላይ ግን የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ገና በሩ ላይ በስም ተቀበለችው። በራሱ ስም አይደለም። ትኬቱ ላይ "የቤተሰብ ስም" ተብሎ የተጻፈው የአባቱ ስም ስለሆነ "እንኳን ደኅና መጡ ሚስተር" ብላ የጠራችው አባቱን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቱ በዕድሜያቸው የሄዱበት ሩቅ አገር ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱም በመሬት ክርክር። አሁን ደመና ላይ ሆነው በየሰዓቱ "ምን ልታዘዝ?" ይባላሉ። ሰውዬው መጀመሪያ መጀመሪያ ዞር እያለ ያይ ነበር።

የአየር ጉዞ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የእኛው አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የነበሩት አውሮፕላኖች ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ናቸው። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ወለሉ ላይ ይታሰራል። በዚያ ዘመን የተሳፈረ ሰው ምንም ያህል ማዕረግ ቢኖረው እግሩን የሚዘረጋው ጆንያ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ይሉኝታው እንምጣ፤ የሰውዬው መከራ እዚያ ላይ ነውና።

የሉማሜ ሰው የቀረበለትን ነገር መጀመሪያ "አይ፣ ይቅርብኝ" ይላል። አቅራቢው "በሞቴ!" ይላል። እንግዳው "ጠግቤያለሁ" ይላል። አቅራቢው "አፈር ስሆን!" ይላል። ሦስተኛው ላይ እጅ ይዘረጋል። ይህ ሥርዓት ነው፤ የሚራብ የለም። ፈርስት ክላስ ውስጥ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ የለም። አስተናጋጇ ትራስ ልጨምርልዎ አለችው፤ "አይ፣ አያስፈልግም" አለ። ፈገግ ብላ ሄደች። ብርድ ልብስ አለችው፤ "አይ፣ ደኅና ነኝ" አለ። ሄደች። ቆዳ ያለሰልሳል የሚባለውን ፒጃማ ይዛ መጣች፤ አፉ "አትቸገሪ" ሊል ሲል ልቡ ቀደመውና እጁ ላይ አንጠልጥሎ አስቀረው። እናንተ ምን ትላላችሁ አላውቅም እንጂ፣ በዚህ ደብዳቤ ላኪ ግምት ፈርስት ክላስ ይሉኝታ ለሌለው ሰው የተሠራ ቤት ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው ዐሥር ሺህ ዶላር ከፍሎ አንገቱ እንደተጣመመ ይነጋለታል።

አልጋ ሲነጠፍለት ደግሞ ቆሞ ማየት አልሆነለትም። ልጅቷ ፍራሹን ስታነጥፍ በወዲያኛው ጫፍ ዞሮ አንሶላውን ያዘላት። "ይቀመጡ እንጂ" ስትለው "ኧረ ግድ የለም" እያለ ጠርዙን አጠፈ። ጎረቤቱ ያለው ባለጸጋ በበሩ ክፍተት አይቶ ሰውዬው አዲስ ተቀጣሪ ሳይመስለው አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ቀኑ ነበር። ረቡዕ!

አውሮፕላኑ ከዱባይ የተነሣው ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሰውዬው እንደምታውቁት ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይጾማል፤ ሰው አገር ገብቶም አልተወም። ዐረቦቹ እንግዳ ሲቀበሉ ቡናና ተምር ያቀርባሉ፤ ቡናው ሄል የበዛበት፣ መልኩ ነጣ ያለ፣ ከየት አገር እንደወጣ የረሳ ቡና ነው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለ፤ ይሄኛውስ ይሉኝታ ሳይሆን ጾም ነው። ከዚያ የዓሣ እንቁላል መጣ፤ ፈረንጆቹ ካቪያር የሚሉት፣ ጥቁር፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየሰበካው ስንት ዓመት የቆየ ነው፤ እንቁላሉን የጨመረበት ሰው ግን እስካሁን አልነበረም። ዓሣው ቢፈቀድ እንኳ እንቁላል እንቁላል ነው ብሎ ሰውዬው በራሱ ሥልጣን ፈረደና መለሰው።

ችግሩ ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ቀኑ አብሮት መሸሹ ነው። ዱባይ ከሎስ አንጀለስ በመስቀል ሰሞን በ11 ሰዓት ትቀድማለች። ዱባይ ላይ ረቡዕ ከገባበት እኩለ ሌሊት እስከ ሎስ አንጀለስ እኩለ ሌሊት ብትቆጥሩት የሰውዬው ረቡዕ 35 ሰዓት ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት የማን ዘጠኝ ሰዓት ነው? የዱባይ? የሉማሜ? የሎስ አንጀለስ? ከመነሣቱ በፊት ለእናቱ ደውሎ ጠይቋቸው ነበር። "ጾም በረገጥከው መሬት ሰዓት ነው፤ ምኑ ይጠየቃል!" ብለው ዘጉት። መልካም ብይን ነው፤ ሰውዬው ግን የረገጠው መሬት አልነበረም። መስኮቱን ቢከፍት ከታች ያለው የሩስያ በረዶ ነው፣ ቆይቶም የሰሜን ዋልታ አካባቢ። እዚያ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓትን የሚያውጅ ደወል የለም።

በመጨረሻ በሉማሜ ሰዓት አደረገው። የእናንተ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ደወሉን ተጫነና ሥጋም ወተትም የሌለበት ነገር ለመነ። ልጅቷ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ በብር ማንኪያ፣ ዐረቦቹ ሁሙስ የሚሉትን አቀረበች። ቀመሰው። ሽምብራ! ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ሰሊጥና ሎሚ ገብቶበት። የእኛው የአዋበል ገበሬ የሚያመርተው ሽምብራ ሰማይ ላይ ወጥቶ ይኸው የባለጸጋ ምግብ ሆኗል።

ጣዕሙ ግን ሰነፈበት። ለዚህ ባለሙያዋን አትውቀሱ። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ለሉፍታንዛ አየር መንገድ ባደረገው ጥናት መሠረት የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ፣ ግፊቱም ዝቅ ያለ በመሆኑ ምላስ ጨውንና ስኳርን ምድር ላይ እንደሚያውቀው አያውቅም። የሞተሩም ጩኸት ተጨማሪ ነው። ጀርመኖቹ ይህን ሲያጠኑ እናቱን አላማከሩም እንጂ መፍትሔው ሻንጣው ጎን ኪስ ውስጥ ነበር። ሚጥሚጣ አውጥቶ ነሰነሰበት፤ ሽምብራው ነፍስ ዘራ። በላዩ ላይ እናቱ የቋጠሩለትን በሶ በክሪስታል ብርጭቆ በጠበጠ። ልጅቷ "ምንድን ነው?" አለችው። እዚህ ላይ ሰውዬው አገሩን አስታወሰ፤ "ቅመሺ" አላት። "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለች። "በሞቴ" አላት። "ሥራ ላይ ነኝ" አለች። "አፈር ስሆን!" በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳለው አትጠይቁ። ቀመሰች። ሚኒባስ ላይ ቆሎ ያዘገኑት እናት ቢያዩት ይኮሩበት ነበር።

ስለ ግፊቱ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር፤ አውሮፕላን ውስጥ አየር ያጥራል ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁና። የአውሮፕላን ሕግ በመደበኛ በረራ የሚፈቅደው የውስጥ አየር ከፍተኛው ልክ በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የሚያህል ነው። ይህ የደብረ ማርቆስ አየር ነው። እንደ ድሪምላይነር ያሉት አዲሶቹ ደግሞ ወደ 1,830 ሜትር ዝቅ ያደርጉታል፤ ዓባይ በረሃ ግማሹን እንደመውረድ ቁጠሩት። ፈረንጁ "አየሩ ሳሳብኝ" ሲል የእኛ ሰው በአገሩ ከሚተነፍሰው የወፈረ አየር ይስባል። ይልቅ ቀጭኑ አየር የሚያስቸግረው ማኮብኮቢያው ላይ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ከዚያ መነሣት ይከብደዋል፤ ለዚህ ነው ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳይቆም የሚመጣው አውሮፕላን ሲመለስ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው። አገር ውስጥ መግባት እንጂ መውጣት ድሮም ቀላል አልነበረም።

ቀኑ እንደ ረቡዕነቱ ሲጎተት ልጅቷ መጥታ "ሻወርዎ ተዘጋጅቷል" አለችው። ሰውዬው ብብቱን አሸተተ። በሶው ይሆን ሚጥሚጣው? ኋላ ነው የገባው። ኤምሬትስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤ380 ላይ ለፈርስት ክላስ ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው፤ ወለሉ የሚሞቅ፣ ለአንድ ሰው የአምስት ደቂቃ ውኃ የተመደበለት። በእኛ ዘንድ የመንገደኛ እግር ማጠብ ክብር እንጂ ነቀፋ እንዳልሆነ ሲያስታውስ ተጽናንቶ ገባ። አምስት ደቂቃዋን ግን አልጨረሳትም፤ ለሚቀጥለው ሰው ውኃ እንዳያንስ ሰጋ።

አውሮፕላኑ ሎስ አንጀለስ አረፈ። አብራሪው የአገሩን ሰዓት ተናገረ። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፣ ረቡዕ።

ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ጾሙን የፈታ ሰው፣ መሬት ሲረግጥ ለዘጠኝ ሰዓት ገና አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። እናቱ በፈረዱት መሠረት የረገጠው መሬት ጿሚ አድርጎታል። ሊቀበሉት የመጡ ወዳጆቹ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ የወሰዱት በ2002 እ.ኤ.አ. ከተማው "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ ወደ ሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ነው። ክትፎ አዘዙለት። "አይ፣ ይቅርብኝ" አለ። "በሞቴ!" አሉት። "ረቡዕ ነው" አለ። "አሁንም?" አሉት።

ፒጃማው አይመለስም፣ ሰጥተውታል። ሰው ሲገኝ ይላካል፤ ለማን እንደሚሆን በሽማግሌ ተስማሙ፣ ልኩ ግን ለወፍራም ሰው አይሆንም። እናቱ በሶውን በሚቀጥለው እጥፍ ያድርጉት። ወደዚህ ለመምጣት ትኬት የምትቆርጡ ካላችሁም፣ አደራ፣ ሐሙስ ይሁን።