የመስመር ሠራተኛ እውቀት ከአጥር እንዳይወጣ ለመከላከል የወጣ አዋጅ

የመስመር ሠራተኛ የተማረው ሁሉ በራሱ ጭንቅላት ሳይሆን በቀድሞ አሠሪው መዝገብ ቤት የሚገኝ በመሆኑ፤

የ15 ኪሎ ቮልት መስመር አሠሪ በተለወጠ ቁጥር ጠባዩን እንደሚለውጥ ስለታመነበት፤

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የሥራ ልምድ ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን እንጂ በስንት ቮልት ላይ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት እንዲናገር ስላልተገደደ፣ ይህም እጅግ አመቺ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “ከዜሮ የመጀመር አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

“ልምድ” ማለት ማህተም ነው። የቀረው እንደ አመቺነቱ ይተረጎማል።

3. የሥልጠና ማስረጃን ይዞ ስለመሄድ

1/ ማንኛውም የመስመር ሠራተኛ የሥልጠናና የሥራ ፈቃድ ማስረጃውን ይዞ ወደ አዲስ አሠሪ መሄድ ይችላል።

2/ የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዋናው ማስረጃ ከመዝገብ ቤት አይወጣም።

3/ ኮፒ ይሰጣል፤ ኮፒ ግን ተቀባይነት የለውም።

4/ ከዋናው ጋር የተመሳከረ ኮፒ ተቀባይነት አለው፤ የሚመሳከረው ግን ክሊራንስ ለጨረሰ ብቻ ነው።

5/ ክሊራንስ የሚጨርሰው የምሰሶ መውጫ ቀበቶውን የመለሰ ነው። ቀበቶው ተበጥሶ ከሆነ፣ የተበጠሰበት ምሰሶ ከሚገኝበት ቀበሌ ደብዳቤ ያመጣል።

6/ ደብዳቤውን ያመጣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ከዓመት ፈቃድ እስኪመለስ ይጠብቃል።

7/ ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ያሟላ ሠራተኛ እንደ አዲስ ይሠለጥናል። ሥልጠናው “ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?” ከሚለው ይጀምራል።

8/ እስከዚያው ምሰሶ አይወጣም፤ ከታች ሆኖ ገመድ ያቀብላል። ወረቀቱ የተሟላለት ልጅ ይወጣል።

9/ ልጁ “መስመሩ ተቆርጧል” ስለተባለ ብቻ እጁን ሲዘረጋ፣ “በመሣሪያ ሳትፈትሽ፣ ከመሬት ጋር ሳታስር እንዳትነካ!” ብሎ ከታች የጮኸ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ትእዛዝ በመስጠት ይጠየቃል።

ተጠይቄያለሁም። ኧረ በሕግ አምላክ! መብራት ሲጠፋ ከማዶ ያለው ዳቦ ቤት ጄኔሬተሩን ከመስመሩ ሳይነጥል ቢያስነሳስ? ያ 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ምሰሶው ጫፍ ላይ 15 ሺህ ይሆናል። ለልጁ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። እኔ አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበታል።

አዲስ አካባቢ የገባ ሰው የትኛው ስዊች የትኛውን መስመር እንደሚቆርጥ ይማር፤ የሥራ ፈቃዱንም አዲሱ አሠሪ ይስጠው። በዚህ አልከራከርም። ለዚያ ሲባል ግን የተማረውን ሁሉ መሰረዝ ምን አመጣው? ምን ሠለጠነ፣ በስንት ቮልት እንዲሠራ ተፈቀደለት፣ ማን ፈቀደ፣ እድሳቱ መቼ ነው፦ በሠራተኛው ኪስ የምትያዝ አንዲት ደብተር ይህን ሁሉ ትይዛለች።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

4. ቅጣት

አለ።

5. የተሻሩ ሕጎች

በሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም እውቀት ተሽሯል።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከመውጣቱ በፊትም ሲሠራበት ቆይቷል።

ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፦ ሰርተፍኬቶቹ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። እባክዎ ይስጡኝ።